ከስልጠናው በኋላ፦ መምህራን ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች መደገፍ በሥራ ላይ የሚማሩት እንዴት ነው?

ብዙ መምህራን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ኮርስ ወስደዋል። ኦቲዝም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ሁሉንም ልጆች በአንድ መደበኛ ክፍል ማስተማር፣ ምን ማለት ነው ቢባሉ መልሱ አያቅታቸውም። ሰኞ ጠዋት አንድ ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛ ስር ሲገባ ግን ያ ሁሉ ማስታወሻ ብን ብሎ ይጠፋል። "አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ምን ላድርግ?" ለሚለው ጥያቄ ማስታወሻው ውስጥ መልስ የለም።

ይህ ስንፍና አይደለም። ስለ አንድ ነገር ማወቅ ሌላ፣ ያንን ነገር መሥራት መቻል ሌላ ነው። መሥራት መቻል የሚመጣው ደግሞ በመሥራት ነው። ዝም ብሎ በመሥራት ግን አይደለም። አንድን ነገር ለዓመታት በተሳሳተ መንገድ እየደጋገመ የኖረ ሰው ልምድ ሳይሆን ልማድ ነው ያካበተው። መምህር በሥራ ላይ ተማረ የሚባለው ሲሞክር፣ የሆነውን ልብ ብሎ ሲያይ፣ የሌላ ሰው ዓይን ሲታከልበት፣ ከዚያ አስተካክሎ እንደገና ሲሞክር ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ይሰናከላል።

ጥያቄው ዛሬ የሁሉም መምህር ጥያቄ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ስፔን፣ ሳላማንካ ላይ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች ተሰብስበው፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ልዩ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ሁሉ ተቀብለው ያስተምሩ የሚል መግለጫ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 ጉዳዩን መብት አደረገው። አንቀጹ መምህራን እንዲሰለጥኑ ያዛል። አካል ጉዳት ያለባቸው መምህራን እንዲቀጠሩም ይጠይቃል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንግዲህ ልጁ በበሩ ገብቷል። ክፍል ውስጥ መቀመጥና መማር ግን አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው የሚያሸጋግረው በዋናነት መምህሩ ነው።

ታዲያ ስልጠናው ምን ነካው? ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን ጥያቄ አጥንተዋል። መምህራን ንድፈ ሐሳቡን ሲሰሙ፣ ሠርቶ ማሳያ ሲያዩ፣ አዳራሽ ውስጥ ሲለማመዱ እውቀታቸውም ችሎታቸውም ይጨምራል። ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ግን አዲሱን ነገር በቋሚነት የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው። ለውጥ የሚመጣው ከስልጠናው በኋላ በራሳቸው ክፍል አብሯቸው የሚሠራ፣ የሚያይ፣ የሚመክር ሰው ሲኖር ነው። ለእኔ ይህ የጉዳዩ እምብርት ነው። ለሁለት ቀን ስልጠና በጀት ተይዞ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ሳምንታት ምንም ካልተያዘ፣ ስልጠናው ሰርተፍኬት ሆኖ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ፤ ድፍረት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ ሰው "እችላለሁ" ብሎ በራሱ እንዲያምን ከሚያደርጉ ነገሮች ሁሉ ኃይለኛው ራሱ ሠርቶ ማሳካቱ ነው። ንግግርና ማበረታቻ ከዚያ በታች ናቸው። "ይህንን ልጅ እኔ ማስተማር አልችልም፣ ባለሙያ ይፈልጋል" የሚል መምህር ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ተሳክቶለት አያውቅም፣ በቃ። አንድ ጊዜ በትንሽ ነገር ሲሳካለት ግን አመለካከቱ ከማንኛውም ምክር በላይ ይቀየራል።

አንድ ልጅ፣ አንድ ነገር

ያንን ትንሽ ስኬት ለማግኘት አነሳሱ ትንሽ መሆን አለበት። ሁሉንም ልጅ፣ ሁሉንም ትምህርት በአንዴ ልቀይር ብሎ የተነሳ መምህር ሳምንት ሳይሞላው ይደክማል። አንድ ተማሪ ይመረጥ። ከዚያ ተማሪ ጋር አንድ ነገር ይመረጥ።

ያ አንድ ነገር በዓይን የሚታይ ይሁን። "ትኩረቱ ይሻሻል" ቢባል መሻሻሉን ማን ያውቃል? "የጽሑፍ ሥራ ሲሰጠው በ2 ደቂቃ ውስጥ መጻፍ ይጀምር" ከተባለ ግን ሰዓት አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ዛሬ 7 ደቂቃ ፈጀበት። መምህሩ ትእዛዙን በቃል ብቻ ከመናገር ይልቅ አጠር አድርጎ ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 4 ደቂቃ ሆነ። ስልቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ባይቀየር ኖሮ ደግሞ ጥፋቱን ልጁ ላይ ሳይለጥፉ ሌላ ስልት መሞከር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተግባራዊ ምርምር ሲል የጠራው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ማቀድ፣ መሞከር፣ ውጤቱን ማየት፣ እንደገና ማቀድ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል።

ከመፍትሔው በፊት ማየት

በሥራ ላይ ከሚለመዱ ችሎታዎች ሁሉ ከባዱ ማየት ይመስለኛል። መምህር የሠለጠነው ለመናገር ነው። ዝም ብሎ ልጁን መመልከት ሥራ አይመስለውም።

ማንበብ ያቃተው ልጅ እንውሰድ። መዝገቡ ላይ "በንባብ ደካማ" ተብሎ ተጽፏል። ይህ ለማስተማር ምንም አይረዳም። አሁን መምህሯ አጭር ምንባብ ትሰጠዋለች። በተሳሳተ ቁጥር ኤክስ ከማድረግ ይልቅ ልጁ ያነበበውን እንዳለ ትጽፋለች። "ሱቅ" የሚለውን "ሲቅ" አለ። "ቢላ"ን "ቡላ" አለ። "ቡድን"ን "ቢድን"፣ "ሹካ"ን "ሺካ"። ምንባቡ ሲያልቅ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ልጁ በ፣ ሰ እና ሸ አልጠፉበትም። የተምታቱበት ካዕብና ሳልስ ናቸው፤ ከፊደሉ በስተቀኝ ወገቡ ላይ የምትቀጠለው ጭረትና እግሩ ላይ የምትቀጠለው ጭረት። "በ፣ ቡ፣ ቢ" እያለ በተርታ ሲወርድማ አንዷን አይስትም፤ በቃሉ ይዟታል። ለዚህ ነው ማንም ችግሩን ያላወቀው።

አሁን መምህሯ የምትሠራው ነገር አላት። ካዕብና ሳልስን ካርድ ላይ ጽፋ፣ ተርታቸውን እያዛባች፣ በቀን ለአምስት ደቂቃ ታለማምደዋለች። ጭረቷን በቀለም ለይታ ትጀምርና ሲለምድ ቀለሙን ትተዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ዓይነት ምንባብ አስነብባ ታወዳድራለች። ልብ በሉ፤ መምህሯ "ዲስሌክሲያ (ንባብን የሚያከብድ የመማር ችግር) አለበት" አላለችም። እሱን የሚወስነው ተገቢው ባለሙያ ነው። የእሷ ድርሻ ልጁ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅና እዚያው ላይ ማገዝ ነው። ምርመራው እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም።

ከባህሪ ጋር በተያያዘም መላው ማየት ነው። አንዲት ተማሪ በየቀኑ ትረብሻለች እንበል። ደብተር ትወረውራለች፣ ጎኗ ያለችውን ትነካካለች። መምህሩ በመጨረሻ ከክፍል ያስወጣታል። ነገ ያው ነው። አሁን መምህሩ ገጹን ለሦስት ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ዓምድ ከረብሻው በፊት ምን እንደነበረ፣ በሁለተኛው ልጅቷ ምን እንዳደረገች፣ በሦስተኛው ከዚያ ምን እንደተከተለ ይጽፋል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ገጹ ይናገራል። ረብሻው የሚነሳው ጮክ ብሎ የማንበብ ተራ ወደ እሷ ሲቃረብ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ "ወጣች" ተብሎ ተጽፏል። መውጣቱ ለመምህሩ ቅጣት፣ ለልጅቷ ግን ማምለጫ ነበር። ሳያውቀው ረብሻውን እየሸለመ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሌላ ነው። የሚነበበው ጽሑፍ ከአንድ ቀን በፊት ይሰጣታል። መጀመሪያ ከጓደኛዋ ጋር ሁለት ሆነው ያነባሉ። ሲጨንቃት የምታሳየው "እረፍት እፈልጋለሁ" የሚል ካርድ ይዘጋጅላታል። ካርዱን ስታሳይ በእርግጥም እረፍት ታገኛለች። አንዳንዱ መምህር "ይሄማ ማሞላቀቅ ነው" ይላል። አይደለም። ልጅቷ በመወርወር ትናገረው የነበረውን አሁን ተቀባይነት ባለው መንገድ እንድትናገር እየተማረች ነው። ጭንቀቷ እየቀነሰ ሲመጣ ካርዱም እየቀነሰ ይሄዳል።

እርዳታ መስጠት፣ እርዳታ መቀነስ

"ደብተራችሁን አውጡና ቀኑን ጽፋችሁ ጥያቄ 3ን ሥሩ።" ለመምህሩ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለልጁ ግን ስንት ሥራ ነው! የያዘውን ማቆም። ከብዙ ደብተር ትክክለኛውን መለየት። ባዶ ገጽ ማግኘት። ሰሌዳውን አይቶ ቀኑን መገልበጥ። መጽሐፉን አውጥቶ ገጹን መፈለግ። ከጥያቄዎቹ ሦስተኛውን መለየት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን አለመርሳት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወይም ትኩረቱ ቶሎ የሚበተን ልጅ ከመካከላቸው አንዱ ላይ ይቆማል። ከውጭ የሚታየው "አይሠራም" የሚል ብቻ ነው።

ጥሩ መለማመጃ አለ። መምህሩ አንድ ሥራ ራሱ እየሠራ እያንዳንዷን እርምጃ ይጻፍ። ከዚያ ልጁ ሲሠራ እያየ የትኛዋ ላይ እንደቆመ ምልክት ያድርግ። ችግሩ ከሥራው ሁሉ አንዲት እርምጃ ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እርዳታው ከትንሹ ይጀመራል። መጀመሪያ መጠበቅ። ካልሆነ በጣት ማመልከት። ካልሆነ አንድ ቃል። ካልሆነ ሠርቶ ማሳየት። እጅ ይዞ ማገዝ የመጨረሻው ነው፤ እሱም ልጁ ሲፈቅድ። ልጁ ሲለምድ ደግሞ እርዳታው በዚያው መሰላል ወደ ታች ይወርዳል። ቅን ልብ ያለው መምህር በብዛት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። መርዳት ይቀላል፤ እርዳታን መቀነስ ነው ልምድ የሚጠይቀው። ማይክል ጂያንግሬኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ረዳት ባለሙያዎች ከአንድ ልጅ ጎን ሳይለዩ ሲውሉ ምን እንደሚሆን አሳይተዋል። ልጁ በአዋቂው ላይ ጥገኛ ይሆናል፤ ከእኩዮቹም ይነጠላል። የክፍሉ መምህርም "የእሱ ጉዳይ የረዳቷ ነው" ብሎ ይርቃል።

ለሁሉም የሚጠቅሙ ግን ልማድ የሚጠይቁ ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳየች። ወደ 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ቋንቋን ለመረዳት ወይም ለመናገር ጊዜ የሚወስድበት ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሦስት ሴኮንድ ቀላል ይመስላል። ሞክሩት፤ በክፍል ዝምታ ውስጥ ዘለዓለም ነው። የሚለመደው በልቡ እየቆጠረ በመጠበቅ ነው።

ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፉ መናገርም እንዲሁ። የመስማት ጉዳት ኖሮበት ከንፈር የሚያነብ ተማሪ መምህሩ በዞረ ቁጥር ትምህርቱ ይቆረጥበታል። ቢያይም እንኳ ከንፈር ሁሉን አይናገርም። "በላ" እና "መላ" መስታወት ፊት ብትሉት አንድ ናቸው። ስለዚህ ዞሮ መጻፍ፣ ጨርሶ መመለስ፣ ከዚያ መናገር፤ ቁልፍ ቃሉንም ሰሌዳ ላይ መተው። "ገብቷችኋል?" የሚለው ጥያቄ ደግሞ ቢቀር ይሻላል። ሁሉም "አዎ" ይላል። "መጀመሪያ ምን ትሠራለህ? ንገረኝ" የሚለው ነው እውነቱን የሚያወጣው።

ሁለተኛ ዓይን

መምህር እያስተማረ ራሱን ማየት አይችልም። ጥያቄውን ሁልጊዜ ወደ ፊት ረድፍ እንደሚወረውር፣ ያንን ልጅ በክፍለ ጊዜው አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ እንዳልጠራው አያውቅም። ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ማይክሮ ቲቺንግ የተባለው ዘዴ ለዚህ ከተፈጠሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በድዋይት አለን መሪነት ተጀመረ። መምህሩ ለጥቂት ሰዎች አጭር ትምህርት ይሰጣል፣ ይቀረጻል፣ አብረው ያዩታል፣ አስተያየት ይቀበላል፣ ያንኑ እንደገና ያስተምራል። ዛሬ ስልክ ይበቃል። ቀረጻው ላይ ልጆች ካሉ ግን የወላጅ ፈቃድ ግድ ነው፤ ቪዲዮውም ከሥራው ክበብ አይወጣም።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን ከጃፓን የመጣውን "የትምህርት ጥናት" (በእንግሊዝኛ Lesson Study) የተባለውን ዘዴ ነው። ጥቂት መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ይመለከታሉ። የሚመለከቱት ግን ተማሪዎቹን እንጂ መምህሩን አይደለም። ቁልፉ ይህ ነው። ውይይቱ "አንተ እንዲህ ብታደርግ" ከሚል ትችት ወጥቶ "ልጁ እዚህ ጋ ቆመ፣ ለምን ይመስላችኋል?" ወደሚል ፍለጋ ይዞራል። ማንም አይሸማቀቅም። እንግሊዛዊው የትምህርት ባለሙያ ፒት ደድሊ ባዳበረው አሠራር ደግሞ መምህራኑ አስቀድመው ሦስት ያህል ተማሪዎችን ይመርጡና በእነሱ ላይ ያተኩራሉ፤ ከትምህርቱ በኋላም ልጆቹን ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ከሦስቱ አንዱ ከሆነ፣ ትምህርቱ ገና ሲታቀድ ስሙ ጠረጴዛው ላይ አለ ማለት ነው።

ምልከታው ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ ከዋለ ግን ጨዋታው ፈረሰ። ለውጤት የሚታይ መምህር የሚያሳየው የተካነበትን ነው። መማር ደግሞ ያልቻሉትን ማሳየት ይፈልጋል። ርእሰ መምህሩ ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ጊዜም መመደብ አለበት። ሁለት መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል እንዲያይ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ ካልተያዘ "ጊዜ ስታገኙ ተያዩ" የሚለው ምክር ወሬ ሆኖ ይቀራል።

በሙከራ የማይለመዱ ነገሮች

በሥራ ላይ መማር ማለት ሁሉን በግምት መጀመር ማለት አይደለም። ብሬልና የምልክት ቋንቋ ሥርዓት ያላቸው እውቀቶች ናቸው፤ መምህሩ በአግባቡ መማር፣ ትምህርት ቤቱም ብቁ ባለሙያ ማምጣት አለበት። ጥቂት ምልክት ይዞ "ተግባባን" ማለት መስማት የተሳነውን ልጅ ቋንቋ መንፈግ ነው።

የጤና ጉዳይም እንዲሁ አስቀድሞ ይታወቃል እንጂ አደጋ ላይ አይሞከርም። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሁሉ ይህንን ይያዝ። ልጁ ሲወድቅ አፉ ውስጥ ምንም አይከተትም። እጅና እግሩን መጨበጥ አያስፈልግም። ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር ይደረጋል፣ የሚጎዳው ነገር ከአካባቢው ይነሳል፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ ይተኛል፣ ሰዓት ይያዛል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ የሕክምና እርዳታ ይጠራል።

ማንኛውም ሙከራ ክብርን መንካት የለበትም። የልጁ ማስታወሻ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጨዋታ አይሆንም። ስልቱ በጓደኞቹ ፊት የሚያሳፍረው ከሆነ ቢሠራም እንኳ አይሠራም።

ልጁንና ቤተሰቡን መጠየቅ

ብዙ ሙከራ የሚያሳጥር ምንጭ አለ፤ ልጁ ራሱ። "ከየት ብትቀመጥ ይሻልሃል? ምን ሲሆን ይጨንቅሃል?" ተብሎ ሲጠየቅ ለወራት ያልተገኘው መልስ በአንድ ደቂቃ ይገኛል። የማየት ጉዳት ያለባት ተማሪ ከመስኮቱ የሚመጣው ነጸብራቅ ሰሌዳውን እንደሚጋርድባት ትናገራለች። ፊት ያስቀመጧት አስበውላት ነበር፤ ለእሷ ግን ያ ቦታ የባሰ ነው። መናገር የማይችል ልጅም በሥዕል፣ በምርጫ፣ በሁኔታው ይናገራል። እናትና አባት ደግሞ ልጁ ሲደክመው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚያረጋጋው ዓመታት አይተዋል። ለክስ ብቻ ሲጠሩ ግን ይህን ሁሉ አይነግሩም።

ዓመቱ ሲያልቅ ይህ ሁሉ እውቀት በመምህሩ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ቀርቶ ልጁ ሲዛወር መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ቀጣዩ መምህር ከዜሮ ይጀምራል፤ ልጁም ያንኑ ፈተና ይደግማል። አንድ ገጽ ይበቃል። ልጁ ምን ጎበዝ እንደሆነ ከላይ ይጻፍ። ቀጥሎ ምን እንደተሞከረ፣ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልሠራ። አሁን በራሱ የሚያደርገው ምን እንደሆነና እርዳታ ገና የሚፈልገው የትኛዋ እርምጃ ላይ እንደሆነ። ወላጆቹ አይተውት፣ ልጁም የራሱን ቃል ጨምሮበት፣ ገጹ ለአዲሱ መምህር ክፍል ከመጀመሩ በፊት ይድረሰው። ሁለቱ መምህራን ፊት ለፊት ተገናኝተው ለግማሽ ሰዓት ቢያወሩበት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።